የክርስትና ስም በሳተላይት

ቅዳሜ ስኮትላንድ ተራራ ልትወጡ እንደሆነ ሰማሁ። ደግ ነው። ግን ናሆም፣ ቅድም ያልካት ነገር አልተዋጠችልኝም። «ጋሼ፣ ዶንት ዎሪ፣ ኔትወርክ ባይኖርም ስልኩ በሳተላይት ቴክስት ያደርጋል» አልክ፤ ከድርም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ሳተላይቱን አልክድም። እንዲያውም ከእናንተ በፊት ተጠቅሜበታለሁ፣ ያውም ደም በነካው እጄ። ስለዚህ ካፌው ሳይዘጋብን አንድ ነገር ላውጋችሁ፤ ከዚያ ሻንጣችሁን ትሸክፋላችሁ።

ወሩ ጥቅምት ነበር። እዚህ ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ሰው ዝናቡን እየረገመ አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ እዚያ ሰሜን ተራራው ላይ ወንዱ ቀይ አጋዘን ሴት ፍለጋ የሚያገሳበት ጊዜ ነው። እንደምታውቁት ወጣትነቴን ያሳለፍኩት ባሌ ውስጥ ለውጭ አገር አዳኞች ዱካ በመከተል ነው። ለንደን ከገባሁ በኋላም አመሉ አልለቀቀኝም። ባተርሲ ያለው ቤቴ ውስጥ ጠመንጃዬ የተቆለፈበት የብረት ሣጥን አለ። ፈቃዱን አፕላይ ሳደርግ ፖሊሶቹ ጓዳዬንም ጤናዬንም ቼክ አድርገው ነው የሰጡኝ። ስኮትላንድ አንድ የመሬት ባለቤት አውቃለሁ፤ አጋዘን ሲበዛበት ይጠራኛል፣ እሄዳለሁ።

የዚያን ዓመት አብሮኝ የሄደው በላይነህ ነው፤ ዋይት ሲቲ የሚኖረው፣ አውቶቡስ ሲነዳ ጡረታ የወጣው። ከአገር የወጣነው አብረን ነው። ሱዳን ሳለን ወባ ጥሎት ሊሞት ሲል ጆሮዬን ስቦ የክርስትና ስሙን ነገረኝ፣ ለፍትሐቱ እንዲሆነው። አልሞተም። ስሙን ስለነገረኝ ግን ዕድሜ ልኩን ተቆጭቷል። የክርስትና ስም ክፉ ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል እየተባልን ነው ያደግነው። ሳቁ፣ ሳቁ። ደግሞ እኛ ግድግዳው ጆሮ በነበረው ዘመን ወጣት የነበርን ሰዎች ነን፤ ስማችን ቀርቶ የምንወርድበትን ፌርማታ እንኳ ለሰው አንናገርም።

ስልኩን የገዛችለት ልጁ ሳምራዊት ናት። ነርስ ናት፤ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛዋ ግን የሚያኮራ። «አባዬ፣ ይኼን ካልያዝክ የትም አትሄድም» ብላ አስጨበጠችው። ሲያዩት ማንኛውም ስልክ ነው። ኔትወርክ በጠፋበት ቦታ ሰማዩ ገላጣ ከሆነ አጭር መልእክት በሳተላይት ይልካል፣ ይቀበላል፤ ማነጋገር ግን አይቻልም። ወደ ስኮትላንድ ስንሄድ ባቡሩ ላይ ጠረጴዛው መሀል አስቀምጠን እንደ እባብ ስናየው ቆየን።

«ለመሆኑ እዚያ ላይ ሆኖ የሚያነበው ማን ነው?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ። የት እንዳለሁ ያውቃል ብላኛለች።»

«ካወቀማ ታይተናላ!»

አጠፋውና ከቦርሳው ሥር፣ ከዳቦ ቆሎው በታች ቀበረው።

በላይነህ የመጣው ለሥጋው ነበር። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራው የእሱ ነው፤ «ዘንድሮ የዱር ሥጋ ነው የማበላችሁ» ብሎ ለማኅበርተኛው ሁሉ ፎክሯል። ማኅበርተኞቹን ታውቋቸዋላችሁ። እንስሳው ነፍሱ ሳይወጣ በሥላሴ ስም ካልታረደ ጥይት የገደለውን አይቀምሱም። ከድር፣ የእናንተም ከዚህ አይርቅም። ባሌ ሳለን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጥይቱ ሲጮህ ቢላ ይዞ ይሮጥ ነበር። ፈረንጁ ግን ተኩሶ ቁጭ ይላል፤ ይጠብቃል። ያኔ ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

ተራራው ላይ ጠዋት ጉም ነበር፤ ወደ ረፋድ ተገለጠ። ነፋሱ ከፊታችን ስለሚመጣ ሽታችንን ወደ ኋላ ይወስድልናል። ረግረጉን ስንሻገር ዱካ አገኘሁ። ሰፊ ኮቴ ነው፣ ጣቶቹ የተከፈቱ፤ ውኃው ገና እየሰረገበት ነው፣ አልጠራም። ገና አሁን ነው ያለፈው ማለት ነው። ጭቃ ላይ ተንከባሎ የሄደ ስለሆነ እንደ አውራ ፍየል ይሸታል። ዱካው ወደ አንድ ጠባብ ሸለቆ ይወርዳል። ከታች ጅረት፣ ከጅረቱ ዳር ዳር ዛፍ፣ ዳገቱ ላይ ደግሞ በጥቅምት የሚቀላ፣ ወገብ ድረስ የሚደርስ ቅጠል ሞልቶበታል። እንዲህ ያለ ቅጠል አልወድም፤ ደብቆህ ደብቆህ አሳልፎ ይሰጥሃል።

ከጅረቱ ማዶ ቆሞ አየሁት። ቀንዱ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ነው። በደረቴ ተኛሁ፣ ትንፋሼን ሰበሰብኩ፣ ተኮስኩ። እንደ ግንድ ወደቀ።

ያስጠረጠረኝ አወዳደቁ ነው። ልቡን የተመታ አጋዘን ጥቂትም ቢሆን ይሮጣል። ባለበት ዘፍ የሚል ወይ ጨርሶ ሞቷል፣ ወይ ጥይቱ አከርካሪውን ጨርፎት ደንዝዟል። «ቆይ! በላይነህ፣ ቆይ!» አልኩ። የት ይሰማኛል! ቢላውን መዝዞ ጅረቱን እየተሻገረ ነው። «ሳይሞት ልድረስበት!» ይላል። በዚያ ዕድሜው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

ደረሰ። ቀንዱን በግራ እጁ ጨበጠ። «በስመ አብ» ሲል ሰማሁት። «ወወልድ» ሲል አጋዘኑ ዓይኑን ገለጠ።

ከዚያ የሆነው ባንድ ትንፋሽ ነው። ተነሣና አንገቱን ወዘወዘ፤ በላይነህ እንደ ጨርቅ ተነሥቶ ተመታ። የቀንዱ ጫፍ ጭኑ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጠመንጃዬን አነጣጥሬያለሁ፣ ግን መሀላችን ያለው ጓደኛዬ ነው። እንዴት ልተኩስ? ጮህኩ። አውሬው ቀንዱን ነቀለና እየተንገዳገደ ቀዩ ቅጠል ውስጥ ገባ። ቅጠሉ ተነቃነቀ፣ ቆመ። አልሄደም፤ ተኝቷል ማለት ነው።

በላይነህን እየጎተትኩ ዛፍ ሥር አስጠጋሁት። ደሙ እየተገፋ ይመጣል። የጠመንጃውን ማንገቻ ፈትቼ ከቁስሉ በላይ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት፤ ሻርፔን ጠቅልዬ ቁስሉ ላይ ጫንኩት። የእኔ ስልክ ሞቷል፣ አንዲት የኔትወርክ መስመር የለውም። ዳቦ ቆሎውን በትኜ የእሱን አወጣሁ።

«መክፈቻው ስንት ነው?»

ፊቱ አመድ መስሏል፤ ግን ዓይኑን አጠበበብኝ። «ምን ልታይበት ነው?»

«አንተ ሰውዬ ደምህ እየፈሰሰ ነው!»

ነገረኝ፤ ያውም ግራ ቀኙን አይቶ። ስከፍተው ከዛፉ ሥር ሰማይ አይታይም፤ ስልኩም ወደ ገላጣ ቦታ ውጣ ይለኛል። ገላጣው ያለው ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። መንገዱ ደግሞ አጋዘኑ የተኛበትን ቅጠል ታክኮ ያልፋል።

«መዝሙር ዘምር» አልኩት። «እየዘመርክ ቆየኝ። ድምፅህን ከሰማሁ መኖርህን አውቃለሁ።»

እየዘመረ ቀረ። እኔ ጠመንጃዬን ወድሬ፣ ከቅጠሉ ዓይኔን ሳልነቅል በዳር በዳሩ ወጣሁ።

ጫፉ ላይ ነፋስ ብቻ ነው ያለው። ለሳምራዊት በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ጻፍኩላት፦ አባትሽ በቀንድ ተወግቷል፣ ጭኑ ነው፣ ደም ይፈሰዋል፣ ሰው ላኪ። ስልኩ ያለንበትን ቦታ ልላክ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጠዋት ቢሆን በጫማዬ እረግጠው ነበር፤ አሁን ላክ አልኩት። አላመንኩትምና በራሴም ቃል ጨመርኩበት፦ ጅረት ያለበት ጠባብ ሸለቆ፣ ከፈረሰው የድንጋይ በረት በላይ። ተጫንኩ። እየላኩ ነው ይላል። እየላኩ ነው። አሁንም እየላኩ ነው። እናንተ ብትሆኑ ኪሳችሁ ከትታችሁ ትወርዱ ነበር። እኔ አልወረድኩም፤ ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ዛፍ ሥር ብገባ መልእክቱ ከእጄ ሳይወጣ ይቀር ነበር።

ተልኳል አለኝ። ያንንም አላመንኩ። መልስ ካልመጣ ተልኳል ማለት ምን ማለት ነው? ከታች የበላይነህ ድምፅ ይመጣል፤ ቀጥኗል፣ ግን አለ።

ከዚያ ስልኩ ነዘረ። መልእክቱ ግን ከሳምራዊት ቁጥር አይደለም። የማላውቀው ቁጥር ነው። «ጋሼ፣ ሳምሪ ነኝ። ሄሊኮፕተር እየመጣ ነው። ጥይቱን አውጥተህ ጠመንጃህን መሬት ላይ አስቀምጥ፣ አለበለዚያ አይጠጉም» ይላል።

አስቡት እስቲ። የቆሰለ አውሬ ከእግሬ በታች ተኝቷል፤ የማላውቀው ቁጥር ከሰማይ መጥቶ ጥይትህን አውጣ ይለኛል። ጠመንጃ እንደያዝኩ ማን ነገረው? እኔ አልጻፍኩም። መሣሪያ አስቀምጡ ተብለው ያስቀመጡ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱን ዛሬ አላወራችሁም። ሳምራዊት ናት? ወይስ እዚያ ላይ ያለው ነው? ማሽን በሰው ስም ሲጽፍ ሰምቻለሁ፤ እናንተው አይደላችሁ ያሳያችሁኝ?

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሳምሪ ከሆንሽ የአባትሽን የክርስትና ስም ንገሪኝ።»

ላክሁት። እየላኩ ነው ይላል። ነፋሱ ዞረ። ያኔ ነው ያስተዋልኩት፤ ከታች መዝሙሩ ቆሟል።

«በላይነህ!» ብዬ ተጣራሁ። ዝም። ልውረድ? ብወርድ መልሱ አይደርሰኝም፤ ቦታችንን ያውቁ አያውቁም አላረጋገጥኩም። ብቆይ ጓደኛዬ እዚያ ብቻውን ይሞታል። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፣ ልጆች። በረሃውን ሳቋርጥም እንደዚያ አልፈራሁም።

ነዘረ። «ኃይለ ሚካኤል። ጋሼ በናትህ፣ አሁን ይኼን ትጠይቀኛለህ? በኔ ስልክ ከነፍስ አድን ሠራተኞቹ ጋር እያወራሁ ነው፣ ይኼ የጓደኛዬ ነው። አደን ላይ ናቸው፣ ጠመንጃ ይዘዋል ያልኳቸው እኔ ነኝ። ያላችሁበትን አውቀውታል። አባዬ አለ?»

አለቀስኩ። ቆሜ አለቀስኩ። «አለ፤ ጠመንጃው ግን ትንሽ ይቆይ» ብዬ ጻፍኩና ወረድኩ።

ቅጠሉ አጠገብ ስደርስ ነፋሱ ከጀርባዬ ነበር፤ ሽታዬ ቀድሞኝ ደርሷል። መጀመሪያ ትንፋሹን ሰማሁ። ከዚያ ቅጠሉ ተከፈለና ቆመ። እኔ እዚህ ብሆን እሱ እዚያ ጠረጴዛ ጋ ነው። አፉ ላይ አረፋ አለ፤ ቀንዱ ላይ የበላይነህ ደም አለ። አንገቱን ሲደፋ ተኮስኩ። እግሬ ሥር ድረስ መጥቶ ነው የወደቀው። ቢላ ነበረኝ። አልተጠጋሁም። በጠመንጃው ጫፍ የዓይኑን ብሌን ነክቼ፣ አለመጨፈኑን አይቼ መሞቱን እስካረጋግጥ ድረስ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ነው ጥይቱን ያወጣሁት።

በላይነህ በሕይወት ነበር። የአውሬውን ትንፋሽ ሲሰማ ነው መዝሙሩን አቁሞ ድምፁን ያጠፋው። ዓይኑን ገለጠና «ነፍሱ ሳትወጣ ደረስክበት?» አለኝ። አልደረስኩም ስለው አዘነ። የራሱ ነፍስ በቀጭን ክር ተንጠልጥላ ለማኅበሩ ያዝናል! አዝዬው ወደ ገላጣው ወጣሁ። ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ ባዶውን ጠመንጃ መሬት ላይ አስቀምጬ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

እግሩ ተረፈለት፤ ዛሬም ያነክሳል። ማኅበሩ ከሥጋ ቤት በተገዛ በግ ተበላ። ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ ሳምራዊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እሱ ግን ኩርፊያ ላይ ነው። «ስሜን ሰማይ ላይ በተናችሁት» አለ። «አሁን ማን ጋ እንዳለ ማን ያውቃል?» ዝናብ ሲመጣ እግሩ የሚቆረጥመው ከቀንዱ አይደለም፣ ከዚያ መልእክት ነው ይላል። እኔም ማን እንዳነበበው እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

እና ጠርጥሩ። የወደቀ አውሬ ጠርጥሩ፣ ተልኳል የሚልን ስልክ ጠርጥሩ፤ መልስ ሳይመጣ ከገላጣው አትውረዱ። ግን መልስ ሲመጣ የምታውቁት ሰው መሆኑን የምትለዩበት ነገር ይኑራችሁ፤ እኔ ያቺን ስም ባላውቅ እዚያ ተራራ ላይ ከራሴ ጥርጣሬ ጋር ቆሜ ጓደኛዬን እቀብር ነበር። ተራራ በሄድኩ ቁጥር ይዤው የምሄደው ይኼንን ነው።

ቅዳሜ ለንደን ሆኜ መልእክታችሁን የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ ለእናቶቻችሁ ቃል ገብቻለሁ። ምናልባት እናንተም እኔ መሆኔን ትጠራጠሩ ይሆናል፤ ብትጠራጠሩ ደስ ይለኛል። ጠጋ በሉ። የእኔን የክርስትና ስም ከነፍስ አባቴ በቀር በዚህ አገር የሚያውቅ የለም። ክንፈ ገብርኤል ነው። አሁን ተራው የናንተ ነው፤ ከድር፣ አንተም እናትህ በሕፃንነትህ ትጠራህ የነበረውን ንገረኝ። ቀስ ብላችሁ ብቻ፤ ያ በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰውዬ ከቅድም ጀምሮ ጆሮውን ጥሎብናል።