የሌንሳ ኮምፒውተር ምን ጠጣ?

ዛሬ የእህቴ ልጅ የሌንሳ ኮምፒውተር ሆዱ ሲጮህ ሰማሁ። "ምን አጠጣሽው?" አልኳት። አልሳቀችም።

የመመረቂያ ሥራዋን ነገ ታስረክባለች፤ ማሽኑ ግን እየጋለ ይጠፋባታል። በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ከሦስት ቀን በፊት ውሃው ሲጎድል ራሷ ሞልታዋለች።

"በምን?"

"በንጹሕ ውሃ፣ አጎቴ። የታሸገ ነው።"

ጠርሙሱን አየሁት፤ አምቦ ውሃ። ጋዙ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ውስጥ አረፋ ሆኖ ውሃው አልዞር ብሏል።

ደፍተን፣ አጥበን፣ ጋዝም ማዕድንም የሌለው ዲስትልድ ውሃ ሞላን። አረፋው እስኪወጣ የኮምፒውተሩን ሳጥን ግራና ቀኝ አዘነበልነው። ጸጥ አለ፤ ቀዘቀዘም።

"ሦስት ቀን ሲጮህ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትስቅብኛለህ ብዬ።"

እዚህ ላይ ቀልድ ጠፋኝ።

እናንተስ፣ እንዳይሳቅባችሁ ብላችሁ ሳትጠይቁ የቀራችሁት ምንድን ነው? ጻፉልኝ፤ ዛሬ አልስቅም። ስለ ነገ ግን ቃል አልገባም።