ወንፊት እና ያልተዋጡት ክኒኖች

ቢሮ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ወንፊት» ነው የምንላት። ነግረናታል፣ አልከፋትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆና አንድም ሰው በቃሉ አምና አታውቅም። በየቤታቸው እየሄድን የምንጎበኛቸው አቅም ያነሳቸው፣ ብቻቸውን መኖር የከበዳቸው አዋቂዎች ናቸው። «ደህና ነን» ሲሏት ትፈራለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች ለአዲስ ተቀጣሪ ሁሉ። እኔ እንኳ ስምንት ዓመት አብሬያት ዞሬ፣ ምሳ በልቻለሁ ስላት ጥርሴን ነው የምታየው።

ምርመራዋ የሚጀምረው ከበሩ ነው፤ የሚቆለፈው ከውጭ ነው ከውስጥ? ከዚያ አልጋው ላይ እጇን ታሳርፋለች፣ እርጥበት እንዳለው ለማወቅ። ቀጥላ «ውሃ አጠጡኝ» ትላለች። ጠምቷት እንዳይመስላችሁ፤ ተከትላ ኩሽና ለመግባት ነው።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ደውላ «ከጎረቤቴ ቤት ወደ ማታ ጩኸት ይሰማል፣ ዕቃ ይወድቃል» ብላ ስልኩን ጠረቀመችው። ቤቱ የአንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። የማስታወስ ችሎታቸው እየከዳቸው ነው፤ የምታስታምማቸው የእህታቸው ልጅ ናት፣ ሳሎኑ ውስጥ ልብስ እየሰፋች የምትኖር የአርባ ምናምን ዓመት ሴት። በደል ካገኘን ሽማግሌውን በዚያው ሳምንት ወደ መጦሪያ እንወስዳቸዋለን። ቀልድ የለውም።

ጠዋት ደረስን። ፊታቸው ተላጭቷል፣ ሸሚዛቸው ተተኩሷል።

«አባባ፣ እንዴት አደሩ?» አለች ወንፊት።

«ደህና ነው ያደሩት» አለች የእህታቸው ልጅ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«እሳቸውን ነው የጠየቅኩት።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ሚጢ እያለች እኔ ምን አወራለሁ? አውቶቡስ ስነዳ እንኳ እንደሷ ያለ ረዳት አልነበረኝም።»

ለእኔ ይሄ በቂ ነበር። ወንፊት ግን በጆሮዬ «እንደምንመጣ ማን ነግሯት ነው እንዲህ ያሰማመረቻቸው?» አለችኝ።

«እኛው ነን የደወልንላት።»

«እኮ!»

ውሃ ለመነች። ልጅቷን ተከትለን ኩሽና ስንገባ ቁምሳጥኑን ከፍታ የሽማግሌውን የመድኃኒት ካርቶን አወጣች። ማታ ማታ የሚዋጥ የማረጋጊያ ክኒን ነው፤ ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ከሠላሳው ሃያ ስድስቱ አልተነካም። ደግማ ቆጠረች። ልጅቷ ካርቶኑን ልትቀበላት እጇን ስትዘረጋ እጅጌዋ ወደ ላይ ሸሸ። ክንዷ ከክርኗ እስከ አንጓዋ በልዟል።

«ይሄስ?»

«በሩ መትቶኝ ነው።»

«በሩ አምስት ጣት አለው?»

ልጅቷ የሳሎኑን በር ገርበብ አድርጋ በሹክሹክታ ነገረችን። ክኒኑን ሲውጡ ማታውን ፀጥ ብለው ያድራሉ፤ በማግስቱ ግን «አንቺ ሴትዮ ማነሽ?» ይሏታል። ሳይውጡ ሲቀሩ ሲመሽ ሌባ ትመስላቸዋለች፣ ይደበድቧታል። ሲነጋ ግን ሁሉንም ረስተው «ሚጢ» ብለው ይጠሯታል።

«ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው የለኝም። ማታውን ችዬ ጠዋቱን ባገኝ ምን አለበት? በሞቴ እህቴ፣ እሳቸው አያውቁም፣ እንዳትነግሪያቸው።»

እኔ አመንኳት። ወንፊት ግን ወደ እኔ ዘወር ብላ «የሚማታም ሰው ክንዱ ይበልዛል» አለችኝ። ቀድማ የምትመታቸው እሷ ትሆናለች ማለቷ ነው።

ደግሞ የሥራችን ደንብ አለ፤ አዋቂ ሰው ለብቻው ይጠየቃል፣ ስለራሱ ኑሮ ምንም አይደበቅበትም። ጥሩ ደንብ ነው፤ እኔም ለስንቱ አስተምሬዋለሁ። ልጅቷን ኩሽና ትተን ሳሎን ገባንና በሩን ዘጋን።

«አባባ፣ የእህትዎ ልጅ ትመታዎታለች?»

«ሚጢ? እሷ እኮ ዝንብ ብታይ መስኮት ከፍታ ነው የምትሸኘው።»

ወንፊት ክንዳቸውን አየች፣ አንገታቸውን አየች፤ ጭረት የለም። እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። እኔም ላስቆማት እችል ነበር፣ አላስቆምኳትም። ወንፊት ግን አንድ ልማድ አላት፤ ቃል ወርውራ ፊት ታነባለች።

«እንግዲያው የሚመቷት እርስዎ ነዎት» አለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ክው አሉ። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ። ከዚያ «ሚጢ!» ብለው ተጣሩ፣ መጣች።

«እጅጌሽን ሰብስቢ።»

«ጋሼ፣ በሩ እኮ ነው...»

«ሰብስቢ አልኩሽ።»

ሰበሰበች። ክንዷን አይተው «እዚህ አልኖርም፤ መጦሪያ ውሰዱኝ። የምፈርመው የት ነው?» አሉን።

ወንፊት ደነገጠች። «አባባ፣ ክኒኑን እየወሰዱ እዚሁ መቆየት ይችላሉ እኮ» አለች።

«እሰጥዎታለሁ ጋሼ፣ ባያውቁኝም ግድ የለኝም» አለች ልጅቷ፣ እግራቸው ሥር ወድቃ።

«አትሰጪኝም። ልብሽን አውቀዋለሁ።»

በጠዋት አእምሯቸው ሙሉ ነበር፤ ደንቡም ምርጫው የእሳቸው ነው ይላል። ፈረሙ። ልጅቷ በር ድረስ ሸኘችን፣ እንባዋንም አልጠረገችም።

«ልክ ነሽ፣ የደበቅሁት ነገር ነበር» አለቻት ወንፊትን። «ከእናንተ ግን አልነበረም።»

 እኔ ተናድጄ ነበር፣ በእሷም በራሴም።

መጦሪያው ክኒን አያስቀርም፤ ማታ ማታ ነርሷ ቆማ ታስውጣቸዋለች። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ለክትትል ስንሄድ ልጅቷን በራፉ ላይ አገኘናት፣ በየቀኑ ትመጣለች አሉን። ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሲያዩዋት በአክብሮት ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ማንን ፈልገው ነው፣ እመቤቴ?» አሏት።

«አጎቴን» አለች።

«ይመጣል» አሉ፣ ወንበራቸውን እየለቀቁላት። «ይቀመጡ፣ ይጠብቁት።»