ቀድሞ የመጨረስ ቅጣት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሒሳብ መምህራን ተሰብስበን ሥልጠና ወሰድን። ርእሱ «ፈጣን ተማሪዎችን በመደበኛ ክፍል ውስጥ በልካቸው ማስተማር» ይላል። አሠልጣኙ ሠላሳ ዓመት ላስተማረውም፣ ትናንት ለተቀጠረችውም አንድ ዓይነት ወረቀት አደለና አንድ ዓይነት ጥያቄ አሠራን። እኔ ቶሎ ጨርሼ እጄን ባወጣ፣ «የጨረሳችሁ ወረቀታችሁን ገልብጣችሁ ሌሎቹን ጠብቁ» አለ። ወረቀቱ ከፎቶ ኮፒው ከወጣ ገና አልቀዘቀዘም፤ የቀለሙ ሽታ እየሸተተኝ ገልብጬው ተቀመጥኩ። የተናደድኩት ግን በእሱ ብቻ አልነበረም፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ሲጠራቀም የኖረ ንዴት ነው።

አምስተኛ ክፍል ሰባ ነበርን፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነን የምንጣበብ። ከጎኔ የምትቀመጠው ዱካሌ ከቡሹሎ መንደር በእግሯ እየመጣች ጠዋት ጠዋት የጫማዋን አሸዋ በር ላይ የምታራግፍ ቀጭን ልጅ ነበረች። በሲዳምኛ ለራሷ እያንሾካሾከች ታሰላና፣ የሒሳብ አስተማሪያችን ቲቸር በቀለ ጥያቄውን ጽፈው ጠመኔውን ሳያስቀምጡ መልሱ ደብተሯ ላይ ይገኛል። ቲቸር በቀለ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሰባ ልጅ ሲያስተምሩ ውለው በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ድምፃቸው የሚዘጋ፣ የኮታቸው እጅጌ በጠመኔ የነጣ ደግ ሰው ናቸው። ቀድሞ የጨረሰ ልጅ ግን እንደ በሽተኛ ያሳስባቸዋል። መጀመሪያ እጇን አጣምራ እንድትቀመጥ አደረጓት። ቀጥሎ ያንኑ ዓይነት ማካፈል ሃያ ጨመሩላት። ሃያውንም ስትጨርስባቸው ጠመኔ እንድታመጣ፣ ሰሌዳ እንድታጠፋ፣ የሚያወሩ ልጆችን ስም እንድትመዘግብ፣ በመጨረሻም የሰባችንንም ደብተር እንድታርም ሾሟት።

አባቷ አንድ ቀን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። «መምህር፣ ልጄ ዛሬም የተማርኩት የለም እያለች ትመጣለች» አሉ።

«አባቴ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት» አሉ ቲቸር በቀለ፣ ምሥራች እንደሚናገር ሰው። «ጎበዝ ራሱን ይችላል፤ እኔን የሚያስጨንቁኝ የማይችሉት ናቸው።»

አባቷ አመስግነው ሄዱ። ምን ይበሉ?

በዚያው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የተላከች ሰላም የምትባል ወጣት መምህርት መጣችልን። እሷ ለዱካሌ ሥራ አልጨመረችባትም፤ በቁራጭ ወረቀት በቀን አንዲት ለየት ያለች ጥያቄ ብቻ ትሰጣት ነበር። አንዷን አልረሳትም፦ የክፍላችን ሰባ ልጆች እርስ በርሳቸው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቢጨባበጡ፣ በጠቅላላው ስንት መጨባበጥ ይሆናል? ዱካሌ ለመጀመሪያ ጊዜ አቃታት። ሁለት ቀን ስትጽፍ ስትሰርዝ ዋለች፤ በሦስተኛው ቀን እረፍት ላይ ሰብስባ ታጨባብጠን ጀመር፤ አራት ስንሆን ስድስት፣ አምስት ስንሆን አሥር። ሰባተኛው ልጅ እጁን ሲዘረጋ፣ «በቃ! አዲስ የመጣው ካሉት ሁሉ ጋር ነው የሚጨባበጠው!» ብላ ጮኸችና እየሳቀች ወደ ደብተሯ ሮጠች። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም።

መምህርት ሰላም በስድስት ሳምንቷ ልምምዷን ጨርሳ ሄደች። በማግስቱ ዱካሌ ተነሥታ ቲቸር በቀለን ጠየቀች፣ «ቲቸር፣ ለእኔ ሌላ ጥያቄ የለም?»

«አንቺ ከሌላው በምን ትለያለሽ?» አሉ ቲቸር በቀለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ዱካሌ ዘግይታ መጨረስ ለመደች። አንድ ቀን ሃምሳ ስድስት ብላ በትክክል የጻፈችውን በምራቋ አጥፍታ ሃምሳ አራት ስታደርገው አየሁና ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ልክ ከሆነ ደብተር አርሚ እባላለሁ» አለችኝ። ሰኔ ላይ እኔ አንደኛ ወጣሁ፤ እሷ ሠላሳ ሁለተኛ። ተጨበጨበልኝ፤ ቲቸር በቀለም ራሴን ዳበሱኝ። ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ ግን ሆን ብላ የምትስተውንና የእውነት የሚያቅታትን እኔም መለየት አቅቶኝ ነበር፤ ምናልባት እሷም ራሷ።

ዛሬ ዱካሌ እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ ውስጥ የመጋረጃ ሱቅ አላት፤ ደህና ትኖራለች፣ ልጆቿንም አድርሳለች። አምና መጋረጃ ላሠራ ሄጄ የአራት መስኮቶቼን ስፋት አንድ በአንድ ነገርኋት። ስልኬን አውጥቼ መደመር ሳልጀምር፣ የሽንሽኑን ጨምራ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚፈጅ ነገረችኝ።

«ዱኪዬ፣ ያ ጭንቅላትሽ አሁንም አለ!» አልኳት።

«የምን ጭንቅላት?»

«የሒሳቡ ነዋ! ከሰባችንም ትበልጪ አልነበር?»

ጨርቁን መዘርጋቷን ትታ አየችኝ። «ተይ ባክሽ፤ እኔ ሒሳብ መቼ ችዬ አውቃለሁ? ጎበዟ አንቺ ነበርሽ፤ አንደኛ ስትወጪ አጨብጭቤልሻለሁ እኮ።»

ተከራከርኳት፤ ነገሩን ሁሉ ቀን በቀን ዘረዘርኩላት፤ ድምፄም ሳላውቀው ከፍ ብሎ ነበር። እሷ ግን ልታጽናናኝ ክንዴን ያዝ አደረገችኝና፣ «አስተማሪ ስለሆንሽ ነው፤ አስተማሪ ለሁሉም ጎበዝ ነህ ይላል» ብላ ጨርቁን መቁረጥ ጀመረች።