ቶሮንቶ ሄጄ የሰማሁት መርዶ

ዓርብ ጠዋት ከኦታዋ የተነሳሁት አንዲት ሴት ፊት ቆሜ አንድ ነገር ልጠይቃት ነው። ሎሬና ትባላለች፤ ጣሊያናዊት ናት። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ አውሮፓን ያስጨፈረ አንድ የዩሮዳንስ ነጠላ ዜማ ነበር። በሽፋኑም በቪዲዮውም ላይ የምትታየው እሷ ናት፤ ድምፁ ግን የእኔ ነው። ቅዳሜ ቶሮንቶ ሐይቅ ዳር በሚደረግ የዘጠናዎቹ ሙዚቃ ዝግጅት ላይ እንደምትዘፍን ስሰማ የአውቶቡስ ትኬት አስቆረጥኩ። ገንዘብ አልፈለግሁም፤ ገንዘቡን የበሉት በልተው ጨርሰውታል። የፈለግሁት መድረክ ላይ ቆማ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ «ይህን የዘፈነችው ሰብለ ናት» እንድትል ነው።

ባለቤቴ ሻንጣዬን አውቶቡሱ ድረስ ይዞልኝ ሲመጣ «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» አለኝ።

«ቤት ልሠራ አልሄድኩም፤ ስሜን ላመጣ ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተከራከረኝም። ከእኔ ጋር መከራከር እንደማያዋጣ ካወቀ ቆይቷል።

መንገዱ

ከኦታዋ ቶሮንቶ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሰው ለማሰልቸት የተሠራ ይመስለኛል። ግራም ቀኝም ጥድ፣ ከዚያ የበቆሎ እርሻ፣ ከዚያ እንደገና ጥድ። ኪንግስተን ላይ አውቶቡሱ ሲቆም አንድ ሻይና የእንቁላል ሳንድዊች ገዛሁ፤ አሥር ዶላር ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ዳቦው ደግሞ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ከፊቴ የተቀመጡት ባልና ሚስት በአንድ ማዳመጫ እየተካፈሉ ሙዚቃ ይሰማሉ። ወደ ዝግጅቱ የሚሄዱ ይሆኑ እንዴ ብዬ አሰብኩ። እንኳን እነሱ፣ ያን ቀን መንገደኛው ሁሉ ወደዚያ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

መንገዱ ረጅም ስለሆነ የሆነውን እዚህ ላይ ልናገር። ያኔ ሮም ነበርኩ፤ የካናዳ ጉዳያችንን የምንጠብቅ ስደተኞች አንድ ጠባብ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። የአክስቴ ልጅ ጽጌና እኔ የምንተኛው በአንድ አልጋ ነው። ቀን ቀን የአንድ ሕንፃ ደረጃ እጠርጋለሁ። ስጠርግ ደግሞ እዘፍናለሁ፤ ያለዚያ ሥራው አይገፋም። ከምድር ቤቱ ስቱዲዮ የነበረው ፕሮዲዩሰር ድምፄን ሰማና ጠራኝ። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን የተለጠፈበት ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ ግጥም ሰጠኝ፤ ግማሹ ምን እንደሚል አላውቅም፣ ብቻ ዘፈንኩለት። መሀል ላይ ከበሮ ብቻ የሚመታበት ባዶ ቦታ ነበር። «እዚህ ላይ የመጣልሽን በይ» አለኝ። የመጣችልኝ እናቴ ናት። «እማዬ፣ መጣሁ፣ በሩን ክፈቺው» ብዬ ዘፈንኩ። ሰውየው ከወንበሩ ዘለለ።

እናቴ ግን ያኔ ከተቀበረች ወራት አልፏት ነበር። በዚያ ቤት የነበረው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከእኔ በቀር። ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ነበረብኝና ሽማግሌዎቹ «እሱ ይለፍና ትርዳ» ብለው ወሰኑ። የእኛ ሰው ሞትን እንደ ወሬ አይናገርም፤ ቀን ይመርጣል፣ ሰው ይሰበስባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳል። ቃለ መጠይቁ ባለፈ ማግሥት ንጋት ላይ መጡ። ሲገቡ ሳያቸው የሚሉኝ ገብቶኛል። ጠጉሬን ተቆረጥኩ፣ ጥቁር ለበስኩ።

ፕሮዲዩሰሩ ለቪዲዮው የሚያብረቀርቅ ቀሚስ ይዞ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። «ሐዘን ላይ ነኝ፤ የእናቴ ሙት ዓመት ሳይወጣ አልጨፍርም» አልኩት።

«ዓመት?» አለና ሳቀ። «ይህ ዘፈን እኮ ከዚህ በጋ አያልፍም።»

ቀሚሱን ጫማ ቤት ትሸጥ ለነበረችው ለሎሬና አለበሳት። ዘፈኑም ሳይሞት ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ካናዳ ስገባ ዘፈኑ ቀድሞኝ ገብቶ ጠበቀኝ። ቶሮንቶ አንድ ሠርግ ላይ ሐበሻው ሁሉ ተነስቶ ሲጨፍርበት አየሁ። «ይቺ ፈረንጅ አማርኛ አሳምራ ትችላለች!» ይባባላሉ። እኔ ነኝ የዘፈንኩት ስላቸው ሳቁ። አንዲት ትልቅ ሴት ግን አልሳቁም፤ ታሪኬን ያውቁ ነበር። «ልጄ፣ የእናትሽ ሙት ዓመት ሳይወጣ ነው የዘፈንሽው?» አሉኝ። እንግዲህ እኔ ነኝ ካልኩ ውሸታም፣ ከታመንኩ ደግሞ ሐዘን የማታውቅ ልሆን ነው። ከዚያ ወዲህ አፌን ዘጋሁ። ንዴቱ ግን አልዘጋልኝም።

ዳንፎርዝና ፍሌሚንግደን ፓርክ

ቶሮንቶ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። በባቡር የሐበሻ ምግብ ቤት ወደሚበዛበት ወደ ዳንፎርዝ ወጣሁ። ጽጌ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ወፍራለች፣ አምሮባታልም። ጥብስ አዘዝን፤ የዛሬ ዓመት ከበላሁት ዋጋው ጨምሮ ሥጋው ቀንሷል። ጽጌ ሆደ ሰፊ ናት፤ ቂም አትይዝም፤ ሌላውም የያዘ አይመስላትም።

«አሁን እዚያ ሄደሽ ምን ልትያት ነው?»

«የራሴን ልጠይቃት ነው።»

«ሰቡዬ፣ እኔ ልሙት፤ ስንት ጉድ አልፎ በዚህ ትቃጠያለሽ?»

«አንቺ አልጋዬ ላይ ተኝተሽ የእናቴን ሞት የደበቅሽኝ ሰው፣ ስለ መቃጠል አትንገሪኝ።»

ሳህኑን አየች። «ሽማግሌዎቹ አስምለውኝ ነው። ማታ ማታ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የማለቅሰው» አለች። ይህን እስከዚያች ቀን ነግራኝ አታውቅም ነበር። አጎረስኳት።

አውቶቡሱ ሸለቆውን ሲሻገር ከታች ዛፉ ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል፤ ከተማው መሀል ይህን ያህል ጫካ መኖሩ ሁሌ ይገርመኛል። የጽጌ ቤት ፍሌሚንግደን ፓርክ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ነው። ከሁለቱ አሳንሰሮች አንዱ ተበላሽቶ ሰው ከነሸቀጡ ተሰልፏል። ነርስ የሆነችው ልጇ ሩት ከሺፍት ስትመለስ የዝግጅቱን ትኬቶች በስልኳ አሳየችኝ።

«አክስቴ፣ ቪአይፒ ነው የገዛሁት። ከሾው በኋላ ፎቶዋ ላይ ሳይን ታደርጋለች፣ ላይኑ ላይ እንሰለፋለን። ዶንት ወሪ፣ አብሬሽ ነኝ።»

ሐይቅ ዳር

ቅዳሜ ፀሐዩ ያቃጥላል። በሩት መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ስንዞር ቆየን። ሜዳው ላይ የእኔ እኩያ ፈረንጅ ሞልቷል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሁሉ የሚያብረቀርቅ አምባር አጥልቆ ይዘላል። አንድ ውሃ ስድስት ዶላር ነው። ሐይቁ አጠገባችን ሆኖ በውሃ ጥም መሞት ይገርማል አልኳት ለጽጌ፤ ሳቀች።

ሎሬና ብርማ ልብስ ለብሳ ወጣች። እንደ እኔው አርጅታለች፤ ቁመናዋ ግን አልተነካም። ጥቂት ከዘፈነች በኋላ ሙዚቃው ቆመ። ማይኩን በሁለት እጇ ያዘችና በእንግሊዝኛ ተናገረች።

«ቀጥሎ ያለውን ዘፈን መጀመሪያ የዘፈንኩት እኔ አይደለሁም።»

ጽጌ ክንዴን ጨበጠችኝ።

«አንዲት ስደተኛ ልጅ ናት። ስሟ…» አለችና ተደናቀፈች፤ እንደ ምንም «ሰብለ» የሚመስል ነገር አወጣች። «ዘፈኗ ዓለምን ሲዞር ሳታይ በልጅነቷ ሞተች። ዛሬ የምንዘፍነው ለእሷ ነው። ስልካችሁን ወደ ሰማይ አንሱላት።»

ሕዝቡ ስልኩን አነሳ። በዚያ ፀሐይ መብራቱ እንኳ አይታይም። አጠገቤ ያለች ሴት እንባዋን ትጠርጋለች። ከዚያ ከበሮው ጀመረ፣ ሺህ ሰው «እማዬ፣ መጣሁ» እያለ ዘለለ። ጽጌ አማተበች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። በሕይወቴ ለሁለተኛ ጊዜ ሌላው ሁሉ የሚያውቀውን ሞት እኔ መጨረሻ ላይ ሰማሁ፤ ያሁኑ ሟች እኔ ራሴ ነኝ። ተናደድኩ፣ አፈርኩ፣ ደግሞ ይታያችሁ፣ ለዚያች ለሞተችው ልጅ አዘንኩላት።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ በጣሊያንኛ «ሰብለ እኔ ነኝ፤ አልሞትኩም» አልኳት።

አጠገቧ የቆመው ሥራ አስኪያጇ ቀደማት። «እመቤት፣ እንዲህ የሚሉ ብዙ ይመጣሉ» አለና እጁን ወደ መውጫው ዘረጋ።

ጎንበስ አልኩና ያቺን ስንኝ በጆሮዋ ዘፈንኩላት። ድምፄ ሻክሯል፤ ላይ ላይ ሲወጣ ይቆራረጣል። እሷ ግን ያንን ድምፅ ለማስመሰል ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ናት፣ ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«የት እንዳለሽ ስጠይቀው፣ ሞታለች አለኝ» አለች። ፕሮዲዩሰሩን ማለቷ ነው። እጄን ያዘች። «ስምሽን እስቲ በይልኝ።»

«ሰብለ።»

ደጋግማ አለችው፣ አረምኳት፣ እንደገና አለችው።

«ነገ ሞንትሪያል ነሽ አይደል?» አልኳት፣ ከኋላዋ የተለጠፈውን የዝግጅቶቿን ዝርዝር አይቼ። «እዚያ፣ ሰብለ በሕይወት አለች በያቸው። ሌላ አልፈልግም።»

ወደ ሥራ አስኪያጇ ተመለከተች። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው። «ሰዎቹ እኮ የሚያለቅሱት ሞተች ስላቸው ነው» አለች፤ ቀስ ብላ፣ እንደሚለምን ሰው። ከዚያ ፎቶዋ ላይ «ለሰብለ፣ በፍቅር» ብላ ፈርማ ሰጠችኝ። ሰውየው ቀጣዩን ጠራ።

ሩት ልትሳደብ ስትል እጇን ይዤ አወጣኋት።

መልስ

እሑድ ጽጌ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘችኝ። ዳቦ በሻሽ ጠቅልላ ሰጠችኝና «እኛ የሞተ ነው የደበቅንሽ፤ እነዚህ በቁምሽ ቀበሩሽ» አለች። ሁለታችንም ስቀን፣ ሳቁ መሀል ላይ አልቅሰን፣ ተሳሳምን። ከዚያ ጉዞ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ይቺ ናት፤ ጽጌን ይቅር ብያት ተመለስኩ። የእኛ ሰዎች መርዶውን ያቆዩት ለእኔ አዝነው ነበር፤ ይህ የገባኝ ለእኔ ሳያዝን መርዶዬን የሚያረዳ ሳይ ነው።

ኦታዋ ስደርስ ዘንቦ አባርቷል። ባለቤቴ ምስር ሠርቶ ጠበቀኝ። «ስምሽን አመጣሽው?» አለኝ። ነገ እነግርሃለሁ አልኩት።

ነገ ያልኩት ደረሰ። ሰኞ ሩት ኮል አድርጋ፣ የሞንትሪያሉን ዝግጅት ቪዲዮ እንደላከችልኝ ነገረችኝ። ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አየነው። ያው ብርማ ልብስ ነው፣ ያው ንግግር ነው፤ ስደተኛዋ ልጅ አሁንም በልጅነቷ ሞታለች። ስሜን ስትጠራ ግን አልተደናቀፈችም። «ሰብለ» አለች፣ ጥርት አድርጋ፣ ልክ እናቴ እንደምትጠራኝ።