በሪያድ ሰፈር የተዜመ መልክዕ

ማዘንጊያ ጥዑመልሳን የተቀበለችውን አደራ ከእጇም ከአንደበቷም ያልጣለች ሴት ናት። በሰው አገር፣ በሰው ቤት ስትኖር አንገቷን የደፋችበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በአባቷ ቃል ግን አንድም ቀን አፍራ አታውቅም።

አባቷ መሪጌታ ጥዑመልሳን በስማዳ ገጠር ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሊቅ ነበሩ። ለአጥቢያቸው ለማርያም የደረሱት አንድ መልክዕ ነበራቸው። መልክዕ የሚባለው የግዕዝ ድርሰት የቅዱሳንን አካል ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር በተራ እየጠራ ለእያንዳንዱ ሰላምታ የሚያቀርብ ምስጋና ነው። መሪጌታ ይህን ድርሰታቸውን በብራና ሳያሰፍሩት ዐረፉ፤ ደቀ መዛሙርታቸውም በየአገሩ ተበተኑ። ሴት ናትና ከጉባኤው መካከል ያልተቀመጠችው ማዘንጊያ ግን፣ ከአጥሩ ወዲያ ገብስ እየወቀጠች በጆሮዋ ይዛው ቀረች። የያዘችውም ከነዜማው ነው፤ ድምፅ ካላወጣች ቃሉ አይመጣላትም።

ካርቱም ከገባች በኋላ፣ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ በዚያው ከተማ በሪያድ ሰፈር ሐጃ ዘምዘም የሚባሉ አሮጊት እንድታስታምም ተቀጠረች። ሐጃ ዘምዘም ግማሽ አካላቸው ዝሎ፣ ምላሳቸው ተሳስሮ ከአልጋ ከዋሉ ሰንብተው ነበር። ሟች ባላቸው በኦምዱርማን ከበሮ እየመቱ ነቢያቸውን መዲሕ በሚባለው የምስጋና ዜማ ሲያወድሱ የኖሩ ሰው እንደነበሩ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያስታውሳል።

ማዘንጊያ አሮጊቷን የምታጥበው በአባቷ ድርሰት ተራ ነበር። ለብ ያለ ውኃ ታቀርብና ከራስ ትጀምራለች። ጠጉራቸውን ስታርስ ለጠጉር የተደረሰውን፣ ዓይናቸውን ስትጠርግ ለዓይን የተደረሰውን፣ የዛለውን እጅ ስታነሣ ለእጅ የተደረሰውን ታዜማለች። የአምላክን እናት ተረከዝ ሰላም ያለ ሰው የማንንም ተረከዝ ሊጸየፍ እንደማይገባው፣ አባቷ ለተማሪዎቻቸው ሲናገሩ ሰምታ ነበር። ስለዚህ እግር ላይ ስትደርስ አትቸኩልም። ከእሷ በፊት የነበሩት ሠራተኞች ፊታቸውን አዙረው የሚሠሩት ሥራ ለእሷ ማሕሌት ነበር።

አንድ ማለዳ የሐጃ ዘምዘም ልጅ ናስራ በበሩ ስታልፍ ቆም አለች። ማዘንጊያ የእናቷን የማይንቀሳቀስ እጅ ይዛ ታንጎራጉራለች። ግዕዙ ለዓረብኛ ጆሮ ሩቅ አይደለምና፣ ርእስ፣ ዐይን፣ ልሳን የሚሉትን ቃላት ናስራ ለየቻቸው። እናቷ ምላሷ የታሰረ፣ እጇ የዛለ፤ በላይዋ ደግሞ የአካልን ስም አንድ በአንድ እየጠራች የምታነበንብ ባዕድ ሴት! ድግምት ነው፣ እናቴም ያልዳነችው በዚህ ነው ብላ ደመደመች። ማዘንጊያን ወደ ማድ ቤት ጠርታ፣ ዳግመኛ ስታንጎራጉር ብትሰማት ልብሷን ይዛ እንድትወጣ አስጠነቀቀቻት። ማዘንጊያ ልታስረዳ ብትሞክር፣ ናስራ «ኸላስ»፣ በቃ፣ ብላ በሩን ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ማዘንጊያ በዝምታ አጠበች። በልቧ ልትለው ብትሞክር መጀመሪያ ትከሻ ላይ ስትደርስ ጠፋባት፤ በማግስቱ አንገት ላይ ቀረች። የአባቷ ድርሰት በምድር ላይ ከእሷ በቀር ማደሪያ የለውም፤ እሱም በውስጧ እንደ ሰም ሲቀልጥ ተሰማት። ሐጃ ዘምዘምም በዜማው ጊዜ በደህናዋ እጃቸው የአልጋውን እንጨት መታ መታ ማድረግ ልማዳቸው ነበር፤ አሁን ግን እጃቸውን ሰብስበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ።

ዓርብ የዕረፍት ቀኗ ነውና በረክሻ፣ በባለ ሦስት እግሯ ባጃጅ፣ ተሳፍራ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ወደምትኖረው ጓደኛዋ ወደ ሉጥፊያ ሄደች። ሉጥፊያ የወሎ ሴት ናት፤ እሷም በአል-ጣኢፍ ሰፈር በሰው ቤት ትሠራ ነበር።

«ታዲያ በሆድሽ ብትይው ሰማይ አይሰማሽም?» አለቻት ሉጥፊያ።

«ሰማዩስ ይሰማል። የማልሰማው እኔ ነኝ።»

«አንቺ ሴት፣ ቄስ ሆነሽ ልትሞቺ ነው መሰለኝ። ያላ፣ ሥራሽን አጥብቀሽ ያዢ፤ ስንቷ ቤት አጥታ ትንከራተታለች።» ሉጥፊያ ይህን ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወላሂ፣ እኔም የእናቴን መንዙማ አፌን ዘግቼ ብለው ከግማሽ አያልፍልኝም።»

ማዘንጊያ ሌላ ምክር አልጠየቀችም።

በማግስቱ ማለዳ ውኃውን አሙቃ፣ አስቀድማ ወደ ናስራ ሄደች።

«ማዳም ናስራ፣ ዛሬ እናትሽን የማጥባቸው በድምፅ ነው። አጠገቤ ቁሚና ከራስ እስከ እግር ስሚኝ። ክፉ ቃል ካገኘሽበት ልብሴ ታስሮ በሩ ላይ ተቀምጧል።»

ናስራ እጇን አጣምራ ተከተለቻት። ማዘንጊያ በራስ ጀመረች። አንዱን ሰላምታ በግዕዝ አዚማ ስትጨርስ፣ ትርጓሜውን በምትችለው ዓረብኛ ትናገራለች። ድኻን አይተው ላልዞሩ ዓይኖችሽ ሰላም ይሁን። ሐሜት ላላደረበት ልሳንሽ ሰላም ይሁን። ናስራ የምትመሰገነው ማን እንደሆነች ጠየቀች፤ ማዘንጊያም የዒሳ እናት መርየም ናት ስትል መለሰችላት። ዜማው አንገትን አለፈ፤ ትከሻውንም አለፈ። ሁሉም በቦታው ነበር።

እጅ ላይ ሲደርስ የአልጋው እንጨት ተመታ። ሐጃ ዘምዘም ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው በደህናዋ እጃቸው ምቱን ያዙ። ከንፈራቸው ብዙ ታገለ።

«መዲሕ» አሉ። ቆይተውም ወደ ልጃቸው እያዩ፣ «አባትሽ» አሉ።

ናስራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አባቷ በልጅነቷ የነቢዩን ግንባር፣ ዓይን፣ መዳፍ በተራ እየጠሩ ሲያወድሱ፣ እሷ ጉልበታቸው ሥር ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ስትሰማው ያደገችውን ምስጋና፣ በሌላ ሰው አፍ ሲመጣ ድግምት ብላዋለች።

«ለምን ያን ቀን አልነገርሽኝም?» አለች።

«ኸላስ አልሽኛ።»

ናስራ ተነሣች። በሩ ላይ የነበረውን የልብስ እስር በገዛ እጇ አንሥታ ወደ ማዘንጊያ ክፍል መለሰችው። ተመልሳም ከእናቷ ራስጌ ቆመች።

«የእናቴ እግር ቀርቷል» አለች፤ «ጨርሺው።»

ማዘንጊያ ጎንበስ ብላ ጨረሰችው፤ እስከ ጥፍር።

ሉጥፊያ ይህን ከሰማች ወዲህ በሐጅ ዩሱፍ ለሚያገኛት ሁሉ ቄስ ጓደኛ አለችኝ እያለች ስትኮራ ትውል ነበር። እውነቷን ነው። ሊቃውንት በመቋሚያ ተደግፈው የሚያቆሙትን ምስጋና፣ ይህች ሴት በባዕድ ከተማ በአንድ ሳፋ ውኃ አቁማዋለች።

የመሪጌታን ቃል የጠበቀ አምላክ ማዘንጊያን ይጠብቃት፤ ያጠበችበትን ቤት ይባርክ፤ ካርቱምንም ሰላሟን ይመልስላት። አሜን።