ከጅቡቲ የመጣው የሲዲ ሣጥን

ይህ የሆነው ባለፈው ሚያዝያ ነው። ከከተማ ወጣ ብላ ያለችው የዋሂል ልጅ ነኝ፤ የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለሆንኩ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ በጋሽ ሽፈራውና በባለቤታቸው በእትዬ አልማዝ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ነገሩ ለሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ባጃጅ ውስጥ በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ሁሉን እያየሁ ምንም ማድረግ አልቻልኩምና።

ጋሽ ሽፈራው የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። በወጣትነታቸው በሠራተኞች ክበብ ይጨፍሩበት የነበረ አንድ የውጭ የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኝ አለ። ዐይናቸው እየደከመ ሲመጣ ቴሌቪዥኑንም ጋዜጣውንም ትተው ስለ እሱ ብቻ ማውራት ጀመሩ። አሁን ጅቡቲ የሚኖር የድሮ ባልደረባቸው ይህን ሰምቶ፣ የዘፋኙ ሥራ በሙሉ ከልጅነቱ እስከ እርጅናው በተራ የተቀመጠበትን የሲዲ ሣጥን እንደሚልክላቸው ነገራቸው።

እኔም ላስደስታቸው ብዬ ዘፈኖቹን በስልኬ አውርጄ አሰማኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡ።

"ጎበዝ ልጅ! ግን ይሄ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ነው። እኔ ድምፁ ሲያረጅ በተራው መስማት ነው የምፈልገው። አብረን ነዋ ያረጀነው!" አሉኝ።

ሣጥኑ የደረሰው እሳቸው ለዐይን ሕክምና አዲስ አበባ በሄዱ ሰሞን ነው። ማታ ማታ ሲደውሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት "ደረሰ?" ብለው ነበር።

የዚያን ቀን ከክፍል ስመለስ የሳሎኑ ደጃፍ በጫማ ተሞልቷል። የባልደረባቸው ልጅ ከጅቡቲ መጥታለች። እኛ ሰፈር ከጅቡቲ እንግዳ ሲመጣ ጎረቤት "እንኳን ደህና መጣሽ" ሊል ይገባል፤ የገባም ባዶ እጁን አይወጣም። ሽቶም ሽርጥም ቴምርም ቢሆን አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል። ልጅቷ ግን ከሣጥኑ በቀር ምንም አላመጣችም።

እትዬ አልማዝ ምን ያድርጉ? ሣጥኑን ከፈቱት። ውስጡ የዘፋኙ ፎቶ የታተመባቸው የሚያብረቀርቁ ሲዲዎች ተደርድረዋል። አንድ አንድ እያነሡ ለጎረቤት አደሉ። እኔ ስገባ ለባጃጅ ነጂው ለሙክታር እየሰጡ ነበር።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ አንድ ላይ ነው" አልኳቸው ቀስ ብዬ።

"አውቃለሁ ልጄ፤ ለሽፈራውም አስቀርቼለታለሁ። ሁሉም የአንድ ሰው ዘፈን አይደል? ይሄን ሁሉ ምን ያደርግለታል!"

በእንግዳ ፊት ከዚህ በላይ መናገር አልቻልኩም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጋሼ ሁሉንም በተራው መስማት እንደሚፈልጉ ሳስረዳቸው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ቁጭ አሉ። በሣጥኑ ውስጥ የቀሩት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሲዲ ብቻ ናቸው።

ማታ ስልኩ ጮኸ።

"አዎ፣ ደርሷል" አሉ እትዬ። ትንሽ አዳመጡና "አዎ፣ በተራው ነው" ብለው ጨመሩ። ስልኩን ከዘጉ በኋላ አለቀሱ።

በማግስቱ እኔው ላስመልስ ብዬ ተነሣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ቀፊራ ገበያ፣ አትክልት ወደሚሸጡት ጎረቤታችን ወደ አዴ ፋጡማ ነው። ሲዲውን ከመደባቸው የጥላ ሸራ ላይ አንጠልጥለውታል። "አዴ፣ ይሄ ሲዲ..." ብዬ ስጀምር ፊታቸው ተለወጠ።

"ምነው? አልማዝ ተቀይማኛለች? የሰጠችኝን መልሺ አለች?"

"ኧረ በፍጹም! ቦታው ያምራል ልል ነው" አልኩ።

"አቦ፣ አስደነገጥከኝ እኮ!" ብለው ሳቁና አንድ ፌስታል ማንጎ አስያዙኝ። ሲዲ ላመጣ ሄጄ ማንጎ ተሸክሜ ተመለስኩ። ወደ ሌሎቹ ጎረቤቶች ለመሄድ አቅም አጣሁ።

ጋሽ ሽፈራው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ሕክምናው የታሰበውን ያህል አልሆነም፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ከመነኸሪያ የተቀበልናቸው እኔና ሙክታር ነን። ሲዲው በቀይ ክር ከባጃጁ መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ ይሽከረከራል። ላነሣው አሰብኩ፤ ሙክታር ግን አጠገቡ ነው።

"ይሄ ዐይኔ ላይ ቦግ ቦግ የሚለው ምንድን ነው?" አሉ ጋሽ ሽፈራው።

እኔ ሰበብ ስፈልግ ሙክታር ቀደመኝ።

"አቦ ጋሼ፣ የእርስዎው በረከት ነው!" አለ ሙክታር ደስ ብሎት። "ከጅቡቲ መጥቶ እትዬ ለጎረቤት ሁሉ ያደሉት ሲዲ ነው። ወላሂ፣ እንደኔ ያማረ ባጃጅ ድሬ ውስጥ የለም!"

ጋሽ ሽፈራው እጃቸውን ዘረጉ። ሙክታር ጥግ ይዞ ቆመና ፈትቶ ሰጣቸው። ዳር ዳሩን በጣታቸው ዳሰሱት፤ አቧራ ሞጫጭሮታል።

"ፎቶው ምን ይመስላል?" ብለው ጠየቁኝ።

"ጎልማሳ ነው ጋሼ። ጺም አሳድጓል።"

"ይሄኔ ነው ክበብ የምንጨፍርበት" አሉና መልሰው ለሙክታር ሰጡት። "ስቀለው፣ ልጄ። ያምራል።"

ቤት ስንደርስ እትዬ አልማዝ ሊናገሩ ሲጀምሩ ጋሽ ሽፈራው ቀደሟቸው።

"ጎረቤት ደስ አለው?"

"ደስስ ብሎታል..."

"እንግዲህ ምን አጠፋሽ?"

ይህን ሲሉ ግን እጃቸው ሣጥኑ ውስጥ ነበር። ባዶ ባዶውን ቦታ አንድ በአንድ ይዳስሱ ነበር።

አመሻሹ ላይ የመጀመሪያውን ሲዲ ከፈትኩላቸው። የልጅ ድምፅ ነው፤ ይፈነጥዛል። ሲያልቅ የቀረውን፣ የመጨረሻውን አስገባሁ። የሽማግሌ ድምፅ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው።

"ወዲያው አረጀ!" ብለው ሳቁ። እትዬም እኔም አብረናቸው መሳቅ አልቻልንም።

ዛሬም በሙክታር ባጃጅ ወደ ኮሌጅ እሄዳለሁ። ሙክታር ሲዲ ማጫወቻ የለውም። ሲዲው ሲዞር በአንድ በኩል የጎልማሳው ፊት ይታያል፤ በሌላው በኩል ደግሞ የራሴ ፊት። ሁልጊዜ "ዛሬ ሲዲውን እንዲመልስልኝ እለምነዋለሁ" ብዬ እገባለሁ፤ ሁልጊዜም ሂሳቤን ከፍዬ፣ አመስግኜ እወርዳለሁ።