ቤት የቀረችው ጳጉሜ

ቦንቱ ንዴት የማይለቃት ሴት ናት። ለክሊኒክና ለሱቅ ፕሮግራም የምትሠራው ብቻዋን ነው፤ ሸጎሌ ቤቷ አንድ ዴስክቶፕ፣ ዊንጌት በተከራየቻት ክፍል ደግሞ አንድ ላፕቶፕ አላት። ባሏ ቶለሳ «በፍላሽ ይዘሽ አትመላለሺም?» ባላት ቁጥር ደሟ ይፈላል። ፍላሽ ይጠፋል፣ ቫይረስ ይበላዋል። እሷ የምትሠራው ጊት በሚባል ፕሮግራም ነው፤ የለወጠችውን ሁሉ ይመዘግብላታል፣ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ኢንተርኔት ልካ ከሌላው ታወርደዋለች። መላኩን ካልረሳች ማለት ነው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ለአንድ ክሊኒክ የሠራችው የቀጠሮ ፕሮግራም ጉዱ ወጣ። ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረም ነው ብሎ ያምናል። አሥራ ሦስት ወር ባለበት አገር ተወልዳ ጳጉሜን መዝለሏ አንገበገባት። ቤቷ ቁጭ ብላ አስተካከለችው፣ መዘገበችው፣ ልትልከው ስትል መብራት ድርግም አለ። ሲመጣ እልከዋለሁ ብላ ተነሳች። መብራቱ ሲመጣ ግን እሷ ከቶለሳ ጋር በዚያው በፍላሽ ጉዳይ ጭቅጭቅ ላይ ነበረች።

በማግስቱ በላፕቶፑ ከኢንተርኔት ያለውን አውርዳ ክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ ጫነችው። ሲስተር መሠረት ሥራ ጀመረች። የስኳር ሕመምተኛው ጋሽ ታረቀኝ መርፌያቸውንና የቀጠሮ ወረቀታቸውን ይዘው ከወጡ በኋላ ነው ቦንቱ ስክሪኑን ልብ ብላ ያየችው። መስከረም ሦስት ይላል።

«አቁሚ» አለች። «ይሄ የድሮው ነው። ያስተካከልኩት ቤት ቀርቷል፣ አልላክሁትም።»

«በቃ የኮምፒውተር ስህተት ነዋ፤ ያጋጥማል» አለች መሠረት ልታጽናናት።

«ኮምፒውተሩ ምን አጠፋ? እኔ ነኝ ስጨቃጨቅ የረሳሁት። መርፌያቸው እስከ መቼ ይበቃል?»

«እስከ ጳጉሜ ሦስት።»

ቦንቱ ዣንጥላዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች። ራሷን እየሰደበች፣ ጭቃውን እየረገጠች ወደ ታክሲ ተራው ሮጠች። ሽማግሌው ሰልፉ መሀል ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ቀጠሮዎ ጳጉሜ ሦስት ነው፤ መስከረም የተባለው ስህተት ነው» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። ወረቀቱን ተቀብላ በእስክሪብቶ ሰርዛ አስተካከለችላቸው።

«እኔም እኮ ገርሞኝ ነበር» አሉ በእርጋታ። «መድኃኒቱ እዚያ ድረስ አይዘልቅም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» በትልቅ ሰው ላይ ድምፅዋን ከፍ ማድረጓ ገብቷታል፤ ንዴቱ ግን አልመለስ አላት።

«ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው ሲሉኝ ምን ልበል፣ ልጄ? እሱ ይሳሳታል ብዬ አላሰብኩም። እንዲያደርሰኝ ብዬ ከነገ ጀምሮ በግማሽ በግማሽ ልወጋው ነበር።»

ታክሲው መጣ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ጋሽ ታረቀኝ ወረቀቱን ኪሳቸው ከተው እየገቡ ዞር አሉና «በዝናብ ተከትለሽኝ መጣሽ፤ እግዜር ይስጥሽ» አሏት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።